የቆሰሉ ሰዎችና የተጎዱ እንስሳት አብረው ስለሚያገግሙበት ግቢ ለከተማችን አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የከተማችን አስተዳደር ኃላፊዎች፣
ለከተማው የጤና እና የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቶች፣
ወሎ

ጉዳዩ፦ እንስሳቱ ከግቢው እንዲወጡ የተሰጠው ትእዛዝ እንዲታገድ፣ ውሻን በመርዝ መግደል እንዲቆም፣ ቁስለኞችን ወደ ግቢው የመላኩ አሠራር እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ሰላምታችንን እናስቀድማለን። በግልጽ መጻፍ የመረጥነው በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባናቸው ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ ነው። እኛ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስም በሚጠጣ የጽዋ ማኅበር በሚተዳደር ግቢ ውስጥ የምንሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ዲያቆንና ተንከባካቢዎች ነን። ግቢው የሚቀበለው ቁስለኛ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰው ነው፤ በ2013 መጨረሻና በ2014 ጦርነቱ ወሎን ሲያልፍበት አካሉን፣ ቤተሰቡን ወይም እንቅልፉን ያጣ። ሌላው እንስሳ ነው፤ ጀርባው ገጥቦ መንገድ ላይ የተጣለ አህያ፣ ባጃጅ ሥራውን የነጠቀው የጋሪ ፈረስ፣ ፍንጣሪ ገላው ውስጥ የቀረ በቅሎ፣ ጌታው ተሰድዶ ብቻውን የቀረ ውሻ።

በቅርቡ የደረሰን የአስተዳደሩ ደብዳቤ «በግቢው የተጠራቀሙ ባለቤት አልባ እንስሳት» በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲወጡ ያዛል። ምክንያት ብሎ የጠቀሰው ሽታና ዝንብን፣ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትን፣ እንዲሁም ግቢው «የሃይማኖት ቦታ እንጂ የጤና አገልግሎት አለመሆኑን» ነው። ቅሬታችን ከዚህ በታች ያለው ነው።

አንደኛ፤ ውሳኔው የተወሰነው ግቢው ሳይታይ ነው። ከደብዳቤው በፊትም ሆነ በኋላ አንድም ባለሙያ ተልኮ አላየም። ቢላክ ኖሮ «የተጠራቀሙ» የሚለው ቃል አይጻፍም ነበር። ስለዚህ ያልታየውን እዚህ ማስረዳት ግድ ሆኖብናል።

አንድ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን እንስሳ አይነካም። ነርሷ የሚወስደውን መድኃኒት፣ ያልዳነ ቁስል ወይም አጥንቱ ላይ የተተከለ ብረት ካለው፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ካለበት፣ የቴታነስ ክትባት መውሰድ አለመውሰዱን ትመዘግባለች። ቴታነስን አጥብቀን የምንጠይቀው ተህዋሲው የጋማ ከብት ፋንድያ ባለበት አፈር ውስጥ ስለሚኖር ነው፤ እግሩ ተቆርጦ ጫፉ ገና ላልደረቀ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክፍት ቁስል ያለበት ሰው ቁስሉ እስኪዘጋ ከአጥር ወዲያ ይቆያል።

ከዚያ ለሃያ ደቂቃ ያህል ከአጥሩ ውጭ ተቀምጦ አህዮቹን ያያል። የሚሰጠው ሥራ ጆሯቸውን መከታተል ብቻ ነው። ጆሮ ወደፊት ከቀና አህያዋ አንድ ነገር አስተውላለች፤ ወደ ኋላ ከተለጠፈ ተቆጥታለች ወይም አሟታል፤ ወደ ጎን ለዝቦ ከወደቀ አርፋለች። በር ሲንኳኳ የሚዘል፣ ሌሊቱን ሙሉ ኮቴ ሲያዳምጥ የሚያድር ሰው ዓይኑ ዘወትር አደጋ ፍለጋ ላይ ነው። ያንን ንቃት የሌላን ፍጡር ሁኔታ ለማንበብ ሲያውለው ድካሙ የሚረግብበት ጊዜ አለ። ይህን በዓይናችን እናየዋለን፤ መጀመሪያ ትከሻው ይወርዳል።

በቀጣዩ ደረጃ ተንከባካቢ ባለበት ወደ ውስጥ ይገባል። አህያ በግንባሯ ትይዩ ቅርብ የቆመ ሰው አይታያትም፤ ከኋላ የመጣ ያስደነግጣታል። ስለዚህ ድምፅ እየሰጡ፣ በሰያፍ፣ ወደ ትከሻዋ ይቀርባሉ። መዳፍ ተዘርግቶ ትከሻዋ ላይ ያርፋል። ሰውየው እስከ አራት እየቆጠረ አየር ይስባል፣ እስከ ስድስት እየቆጠረ ያስወጣል፤ የአህያዋ ጎን ከእጁ ሥር ሲነሳና ሲወርድ ይሰማዋል። ይህን ያህል ብቻ ሠርተን የምናበቃበት ቀን ብዙ ነው። ከተንታ በኩል የመጡ፣ ሁለት ልጆቻቸውን የቀበሩና ከሰው ጋር መነጋገር ያቆሙ አንድ አባት የመጀመሪያ ቃላቸው የተሰማው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ቃሉም ጀርባዋ ለቆሰለው አህያ የተባለ ነበር፤ «አብሽሪ፣ አብሽሪ»።

ቀጥሎ መቦረሽ ይመጣል፣ ከዚያ መሳብ። በመሳብ ላይ ብዙ ስሕተት ይሠራል። ገመዱ እጅ ላይ አይጠመጠምም፤ እንስሳዋ ብትበረግግ ጣት ይዛ ትሄዳለች። የታጠፈው ገመድ በመዳፍ ይያዛል እንጂ። በሰው ሠራሽ እግር መራመድ የሚለማመድ ሰው አህያዋን በጤነኛው እግሩ በኩል ያደርጋታል፤ ብትገፋው የሚደገፈው በዚያ ነው። አህያ ስትፈራ እንደ ፈረስ አትሮጥም፣ ትቆማለች። ይህን የማያውቅ «ግትር» ይላትና ይመታታል፤ በጦርነት የተሰበረ ሰው ደግሞ «እኔንም ጠላችኝ» ብሎ ገመዱን ይጥላል። ተንከባካቢው ከጎኑ የሚቆመው ለዚህች ደቂቃ ነው፤ «ፈርታ ነው፣ ጠብቃት» ብሎ ለማስረዳት። ስለራሱ ሰምቶት የማያውቀውን ነገር ያኔ ይሰማል።

ቁስል ማጠብ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ለሁሉም አይደለም። የመግል ሽታ አንዳንዱን ሰው ወዲያውኑ ወደዚያ ቀን ይመልሰዋል፤ ያን ጊዜ እጁን አስታጥበን፣ ወደ ንጹሕ አየር አውጥተን፣ ዙሪያውን የሚያያቸውን አምስት ነገሮች ስም እንዲጠራ እናደርጋለን፣ ለሳምንታትም ወደዚያ ሥራ አይመለስም። ለሚችለው ግን አሠራሩ ይህ ነው፦ በአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ዘጠኝ ግራም ጨው፣ ማለትም አንድ ተኩል ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ይሟሟል። ፀጉሩ ከቁስሉ ዙሪያ ይሸለታል። ጨዋማው ውሃ ቆሻሻው እስኪወጣ በዝግታ ይፈስበታል፤ አይፈተግም። ንጹሕ ማር በስሱ ይቀባል። ገጣባ የሚድነው ግን በመድኃኒቱ ሳይሆን ጭነቱ ሲወርድለት ነው። ሥሩ ያልተስተካከለ መደላድል እና የአህያዋን አቅም ያላገናዘበ ሸክም እስካሉ ድረስ በየሳምንቱ ቢታጠብም ተመልሶ ይከፈታል። የሀገራችን አህያ ክብደቷ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ቢሆን ነው፤ በጀርባዋ ላይ ኩንታል የሚጫንባት ግን በየገበያው ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ የባትሪ ውሃ፣ የጋለ ብረት ቁስሉን እንደሚያሰፉት ለባለ አህዮች በሰኞና በቅዳሜ ገበያ እየዞርን የምናስተምረውም እኛው ነን።

አንድ ዙር ከአርባ ደቂቃ አይበልጥም። አንድ እንስሳ በቀን ከሁለት ዙር በላይ አይሠራም። ከሰው ጋር ሲሆን አይታሰርም፤ ልሂድ ካለ ይሄዳል፣ ዙሩም ያበቃል። ጅራት መወራጨት፣ ደጋግሞ ማዛጋት፣ ፊት ማዞር ካየን ቀድመን እናቆማለን። እሑድ ሁሉም ያርፋል፤ በዘጸአት ምዕራፍ 23 ላይ ሰንበት የታዘዘው በሬውና አህያውም እንዲያርፉ መሆኑን ስለምናምን።

ይህ አሠራር እኛ የፈጠርነው አይደለም። በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክ ከተማ፣ ዊልያም ቱክ የተባለ የኩዌከር እምነት ተከታይ እ.ኤ.አ. በ1796 የከፈተው የአእምሮ ሕሙማን ቤት፣ ሕሙማን በሰንሰለት በሚታሰሩበት ዘመን፣ በግቢው ጥንቸልና ዶሮ እያኖረ ሕሙማኑ እንዲንከባከቧቸው ያደርግ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ቦሪስ ሌቪንሰን ደግሞ ውሻው ባለበት ክፍል ዝምተኛ ሕፃናት ሲናገሩ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነገሩን ለሙያ አጋሮቹ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ጭንቀትንና ድብርትን ያቀላል እንጂ መድኃኒትንና የምክር አገልግሎትን ይተካል የሚል ባለሙያ የለም። እኛም አንልም። ማንም ታካሚ አህያ ስለያዘ ክኒኑን እንዲያቆም አልተነገረውም፤ ያቆመ ካገኘን ነርሷ ይዛው ሐኪም ጋ ትሄዳለች።

ሁለተኛ፤ «የሃይማኖት ቦታ እንጂ የጤና አገልግሎት አይደለም» የተባለው። ሁለቱ የሚለያዩ ተደርገው መቅረባቸው ያሳዝነናል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ወንበዴዎች ደብድበው በጣሉት ሰው ላይ ሳምራዊው ያደረገውን በቅደም ተከተል እንየው። ቀረበ፤ ቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፤ አሰረለት፤ በራሱ አህያ ላይ አስቀመጠው፤ እንግዳ ማረፊያ ወስዶ አስታመመው፤ ለሚቀጥለው ወጪም ገንዘብ ከፈለ። በዚህ ውስጥ የትኛው ሃይማኖት፣ የትኛው ጤና ነው? ካህኑና ሌዋዊው በሌላ በኩል ሲያልፉ ቁስለኛውን የተሸከመው እንስሳ ነበር። የማኅበራችን ጠበል ጻዲቅ የሚዘከርለት ጻድቅም በገድሉ ከስድሳ አንበሳና ከስድሳ ነብር ጋር የሚነገርለት፣ በሥዕሉም የተጠማች ወፍ ከዓይኑ እንባ ስትጠጣ የሚታይ አባት ነው። መጽሐፈ ምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ይናገራል። እምነታችን ከዚህ ሥራ ውጭ የሚኖርበት ቦታ የለውም።

ከአንዳንድ ምእመናንም «ቁስለኛ ጸበል ይጠመቅ እንጂ አህያ ምን ያደርግለታል» የሚል ይመጣል። ጸበል የሚሄዱትን እኛው እናደርሳለን። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር እንደማይጣላ በይፋ እንዳስተማሩ ሁሉ፣ ጸበሉ፣ ክኒኑና የአህያዋ ትከሻ በእኛ ግቢ አይጣሉም።

ግቢው በክርስቲያን ማኅበር ይተዳደር እንጂ፣ በወሎ እንደሚገባው፣ የሚመጣው ሰው ክርስቲያንም ሙስሊምም ነው። ሙስሊም ታካሚ ውሻ እንዲይዝ አይደረግም፤ የውሻ ምራቅ ለሶላቱ ስለሚያስቸግረው አህያ፣ በግ ወይም ፍየል ጋ ይመደባል። የዙህርና የአስር ሶላት ሰዓት ክፍት ይተዋል። ዲያቆኑ የሚጸልየው ለፈለገ ብቻ ነው። በዐቢይ ጾምም በረመዳንም ሥራው ወደ ማለዳ ይመጣል፤ ሰው ሆዱ ባዶ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ያዞረዋል፣ የሚያዞረው ሰው ደግሞ እንስሳ መሳብ የለበትም። አስተዳደሩ ግቢው ሰው እንዳያገል መፍራቱን በቃል ሰምተናል። የተገለለ ካለ ስሙን ይንገረን፤ እናስተካክላለን።

ሦስተኛ፤ የውሾቹ ነገር። ይህን በዝርዝር እንጽፋለን፣ ምክንያቱም ትልቁ ጉዳት የደረሰው እዚህ ላይ ነው።

ውሾችን ለመግደል በተደረገው ዘመቻ በሌሊት በየመንገዱ የተጣለው ሥጋ ስትሪክኒን የተባለ መርዝ ነበረበት። ስትሪክኒን ጡንቻን በሙሉ ያኮማትራል፤ እንስሳው ራሱን ሳይስት፣ ድምፅ በሰማና በተነካ ቁጥር እየተንፈራገጠ፣ በመጨረሻ መተንፈስ ተስኖት ይሞታል። ከሞቱት መካከል በግቢያችን የእብድ ውሻ ክትባት ተሰጥቷቸው፣ ምስክር ወረቀት ተጽፎላቸው፣ ቀይ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ የታሰረላቸው ይገኙበታል። ማሰሪያው ምን እንደሆነ ለጽሕፈት ቤታችሁ ቀደም ብለን አሳውቀን ነበር። አንዱን ውሻ ከኮቦ የተፈናቀለ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ያበላው፣ ይቦርሸው ነበር። ልጁ ጠዋት ሲመጣ ያገኘው በሩ ላይ ሲንፈራገጥ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ግቢው አልመጣም፤ ቤቱ ድረስ ስንሄድም ሊያናግረን አልፈለገም።

በበሽታ መከላከል ሚዛንም ሥራው ኪሳራ ነው። ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ በውሻ በኩል እንደሚመጣ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ ስጋቱ እውነት ነው፣ አናቃልለውም፤ ምልክቱ ከጀመረ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። መፍትሔው ግን ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ ነው፤ ያን ጊዜ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚሄድበት መንገድ ይቋረጣል። የተከተበ ውሻ ሲገደል አጥር ፈረሰ ማለት ነው። ቆሻሻ መጣያውና የሥጋ ቤቱ ትራፊ እስካለ ድረስ ባዶውን ሰፈር ከገጠር የሚመጣ፣ ያልተከተበ ውሻ በወራት ውስጥ ይሞላዋል። ሌላም አለ። አንዲት እናት በውሻ ተነክሰው ነበር። የነከሰው ውሻ ታስሮ ለአሥር ቀን ቢጠበቅ መታመም አለመታመሙ ይታወቅ ነበር፤ ያን ሌሊት በመርዝ ሞቶ ሬሳው ስለተጣለ ለማወቅ አልተቻለም፣ ክትባቱን ለመጨረስም ከገጠር ተመላልሰው ብዙ ወጪ አወጡ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለአሥራ አምስት ደቂቃ መታጠብ እንዳለበት እንኳ በዘመቻው ላይ በድምፅ ማጉያ አልተነገረም። በመርዝ የሞተው ሬሳም በወጉ አልተቀበረም፤ የበላው አሞራና ድመትም ሞቷል።

አራተኛ፤ በደንብ አስከባሪዎች የተያዙት አህዮች። ሁለት እንስት አህዮች ውሃ ለመጠጣት ከግቢው በር ሲወጡ ተይዘው ወደ ማቆያ ተወሰዱ። ቅጣቱን ለመክፈል ስንሄድ አንዷ ተሽጣ ነበር። የተመለሰችው መብላት አቆመች፣ በሳምንቱ ውስጥም ሞተች። ይህ «አዘነች» ከሚለው ቃል በላይ ሳይንሳዊ ምክንያት አለው። አህያ ከጓደኛዋ ጋር ጥንድ ሆና ትኖራለች። ስትለይ ወይም ስትጨነቅ መብላት ታቆማለች፤ መብላት ስታቆም ሰውነቷ ስቡን ወደ ደም ይለቃል፤ ስቡ ከመጠን ሲያልፍ ጉበትና ኩላሊት ይደክማሉ። በተለይ ወፈር ባለችና ባረገዘች አህያ ላይ ጥቂት ቀን ይበቃዋል። ስለዚህ አህያ ሆስፒታል ስትሄድ እንኳ ጓደኛዋ አብራ ትሄዳለች፤ አንዷ ከሞተችም ሌላዋ ሬሳውን አሽትታ እስክትርቅ ይተዋል። ማቆያው ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ውሃም አልነበረም፤ አንዲት አህያ በቀን ከአሥር እስከ ሃያ አምስት ሊትር ትጠጣለች።

አሥራ አምስት ቀን የተሰጠው ትእዛዝ ይህንኑ በሁሉም ላይ ይደግመዋል። ጥንዶቹ በጨረታ ሲበተኑ የገዛቸው ሰው ከነገጣባቸው ይጭናቸዋል፤ ያልተገዙት ከከተማ ወጣ ብለው ይጣላሉ፣ ሲመሽ ጅብ ይመጣል።

አምስተኛ፤ ሽታና ዝንብ። ይህ ቅሬታ ጎረቤቶቻችን በእውነት ያነሡት ነው፣ ልክም ናቸው። የቤት ዝንብ በሞቃት ወቅት ከዕንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከሳምንት ብዙ አትዘልቅም፤ ስለዚህ ፋንድያ ሳይነሣ ሳምንት ካደረ ዝንብ አረባን ማለት ነው። እኛ በየቀኑ ጠዋትና ማታ እንጠርጋለን፣ ከጭድ ጋር እየደባለቅን በሦስት ጉድጓድ እያፈራረቅን እናበሰብሳለን። ክምሩ ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ሲግል የዝንቡ ትልና የሆድ ትል ዕንቁላል ይሞታል፤ ለዚህም በየሳምንቱ መገልበጥና እርጥበቱን መጠበቅ ይፈልጋል። ችግሩ የተፈጠረው ውሃው ከተቋረጠና የቆሻሻ መኪናው በኛ መንገድ መምጣት ካቆመ በኋላ ነው። ደረቅ ክምር አይግልም፣ አይበሰብስም። የቧንቧው ጥያቄ በውሃ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አለ። ውሃው ይመለስ፣ ሽታው በወር ውስጥ ካልቀነሰ ያን ጊዜ ይጠይቁን።

ስድስተኛ፤ ቁስለኞችን የመላኩ ሥራ መቆሙ። ከጤና ተቋማት ወደ እኛ የሚላኩ ሰዎች ከደብዳቤው ወዲህ ቀርተዋል። ይህን በወረቀት የከለከለ የለም፤ «ጉዳዩ እስኪጣራ» ተብሎ ነው። ከመጡት ብዙዎቹ በደላቸውን ለሰው አፍ አውጥተው መናገር የማይችሉ ሴቶች ናቸው። አንዲቷ ወንድ ነርስ ባለበት ክፍል መግባት ስለማትችል ለወራት ምክር አላገኘችም ነበር፤ እኛ ጋ ከበግ ግልገል ጋር በረት ውስጥ ተቀምጣ ከነርሷ ጋር ማውራት ጀምራለች። ሁለቱም ዓይናቸው ግልገሉ ላይ ስለሆነ ፊት ለፊት መተያየት የለም፤ እጅ ሥራ ስላለው አፍ ይፈታል። አሁን ቤቷ ናት።

የነሐሴን ወር እናስብ። ቡሄ ሲደርስ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። የጅራፍ ድምፅ ለጆሮ ከጥይት አይለይም፤ በዚያ ሰሞን ከግቢያችን ሰዎች ብዙዎቹ ሌሊት አይተኙም። ባህሉን አንቃወምም፣ የደብረ ታቦር በዓል ነው፣ እኛም እንወደዋለን። ታካሚዎቻችንን ቀድመን እናዘጋጃለን፤ ጅራፉን ራሳቸው ከሩቅ እንዲያዩ፣ ከዚያ ቀረብ ብለው እንዲሰሙ፣ አህያዋ ጆሯን አቅንታ ስትመለስ እንዲያዩ እናደርጋለን። እንስሳዋ ደንግጣ፣ አይታ፣ ወደ ጭዷ ስትመለስ ሰውም አብሯት የሚመለስበት መንገድ ያገኛል። ይህን ዝግጅት ከአንድ ወር ቀድመን መጀመር አለብን። ዘንድሮ ከማን ጋር እንጀምር?

አንድ የቀረ ነገር አለ። እግሩ የተሰበረ፣ የማይድን ፈረስ ወይም አህያ በሀገራችን አይገደልም፤ መግደል ነውር ስለሆነ በሕይወቱ ለጅብ ይተዋል። እኛ እንደ ክርስቲያንም እንደ ባለሙያም ይህን ምሕረት ብለን ልንጠራው አንችልም። በሐኪም እጅ፣ ያለ ስቃይ፣ በመርፌ ማሳረፍ ይገባል። መድኃኒቱን ግን በፈቃድ ብቻ ስለሆነ የሚገኘው ያለ እናንተ ልናመጣው አንችልም፤ መቅበሪያም የለንም። በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በደንብ መተላለፍ ይቀጣል፤ ሕጉ በከተማችን ሲጠቀስ ግን ሰምተን አናውቅም።

ስለዚህ የምንጠይቀው፦

እንስሳቱ እንዲወጡ የተሰጠው ትእዛዝ ከጤና፣ ከእንስሳት ሀብትና ከሰበካ ጉባኤው የተውጣጣ ቡድን ግቢውን አይቶ በጽሑፍ ሪፖርት እስኪያቀርብ ይታገድ። ቡድኑ ሲመጣ የክትባት መዝገቡን፣ የትል መድኃኒት አሰጣጡን፣ አዲስ ገቢ እንስሳት ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ተለይተው የሚቆዩበትን በረት፣ ጭርትና እከክ ያለባቸው የሚታከሙበትን ክፍል እናሳያለን። ጉድለት ከተገኘ የማስተካከያ ቀን ይሰጠን።

በስትሪክኒን ውሻ መግደል ወዲያውኑ ይቁም። በምትኩ ከመስከረም ጀምሮ በየቀበሌው የክትባት ቀን ይያዝ፤ ሦስት ወር የሞላው ውሻ ሁሉ ይከተብ፣ በየዓመቱም ይደገም። ውሻ ለመያዝ፣ መዝገብ ለመጻፍና ማሰሪያ ለማሰር ሰው ከእኛ ይሰጣል፤ ክትባቱና የቀዝቃዛ ሣጥኑ ከጽሕፈት ቤቱ ይሁን። የሚነክስ ውሻ ሲገኝ አይገደል፣ ለአሥር ቀን የሚቆይበት የተከለለ ቦታ ይዘጋጅ።

የተያዙ የጋማ ከብቶች ማቆያ ውሃ፣ ጥላና ጭድ ይኑረው፤ ጥንድ የሆኑት አይለያዩ፤ ለጨረታ ከመቅረባቸው በፊት የእንስሳት ሐኪም ይያቸው፣ የቆሰሉት ለጭነት አይሸጡ። የተሸጠችብን አህያ ገዢዋ ተጠይቆ ዋጋዋን ከፍለን እንድንመልሳት ይፈቀድልን።

የውሃ መስመሩ ይቀጠል፣ የቆሻሻ መኪናው በሳምንት ሁለት ቀን ይምጣ። ለሞቱ እንስሳት ከጉድጓድ ውሃና ከወንዝ የራቀ፣ ቢያንስ ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው መቅበሪያ ይሰጠን።

የጤና ጽሕፈት ቤቱ ቁስለኞችን መላክ እንዲቀጥል ለተቋማቱ በጽሑፍ ያሳውቅ። ነርሷ በወር አንድ ጊዜ ለሐኪሞቹ ሪፖርት ታቀርባለች፤ ማን መምጣት እንደሌለበትም አብረን እንወስን። ከሁሉ በፊት ግን ቤቷ ለቀረችው ሴትና ለአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ሰው በዚህ ሳምንት ይመደብላቸው፤ የነርሷን ማስታወሻ በእነሱ ፈቃድ እናስረክባለን።

የአሥራ አምስቱ ቀን እየሄደ ስለሆነ መልሱን በጽሑፍ፣ ቀኑ ከመሙላቱ በፊት እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የግቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ
የግቢው የአእምሮ ጤና ነርስ
የጽዋ ማኅበሩ ዲያቆንና የማኅበሩ ሙሴ
የእንስሳት ተንከባካቢዎች
የታካሚ ቤተሰቦች ተወካዮች

ግልባጭ፦
ለአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ
ለቀበሌው የሃይማኖት አባቶችና ሽማግሌዎች ጉባኤ
ለከተማው ነዋሪዎች